ጎንደር ላይ ኮሌጅ መምረጥና ተምሮ መውጣት፦ ከውጤት ቀን እስከ ክሊራንስ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ሰሞን የጎንደር መንገዶች በባነር ይሞላሉ። "ምዝገባ ጀምረናል"፣ "ቦታ ሳያልቅ" የሚል ጽሑፍ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ይታያል። ተማሪው ጓደኛው የተመዘገበበት ቦታ ይሄዳል፤ ወላጅም ልጁ ቤት እንዳይቀመጥበት ብሎ በዚያው ሳምንት ይከፍላል። ይህ መመሪያ ያቺን ሳምንት በእርጋታ ለማለፍና ከተገባ በኋላም ዓመታቱን በአግባቡ ለመጠቀም ነው። ለተማሪውም ለሚከፍለው ወላጅም ተጽፏል።

ውጤታችሁ የትኛውን በር ይከፍታል?

ዲግሪ ለመጀመር ከአገር አቀፉ ፈተና 50 በመቶና በላይ ማምጣት ያስፈልጋል። ይህ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ በግል ኮሌጅ ዲግሪ ለመማርም መግቢያው ይኸው ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወዲህ ይህን መስመር የሚያልፈው ጥቂት ነው፦ በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ገደማ። ስለዚህ 50 ያልደረሰ ልጅ ያለበት ቤት ሐዘን ሊቀመጥ አይገባም። ቀሪዎቹ በሮች ጥሩ መንገድ አላቸው።

ከ50 በታች ሆናችሁ ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ የሚያወጣውን የሪሜዲያል (የአቅም ማሻሻያ ትምህርት) መቁረጫ ካለፋችሁ፣ ሪሜዲያል ገብታችሁ እንደገና ትፈተናላችሁ። እዚህ ላይ የሚጎዳው አንድ ስህተት ነው፦ ሪሜዲያልን "ገብቻለሁ" ብሎ መዝናናት። ሪሜዲያል የገባ ተማሪ ዲግሪ አልጀመረም፤ ለመጀመር እየተወዳደረ ነው። ወሳኙ ፈተና ከማዕከል ስለሚመጣ የክፍል መምህሩ ቢያዝንላችሁ እንኳ ሊያሳልፋችሁ አይችልም።

ሦስተኛው በር ቴክኒክና ሙያ ነው። በደረጃ ተከፋፍሎ ይሰጣል፤ የየደረጃውን መግቢያ ክልሉ በየዓመቱ ያወጣል። በእጁ መሥራት የሚወድ ልጅ ኤሌክትሪክ፣ አውቶሞቲቭ፣ ብረታ ብረት ወይም ኮንስትራክሽን ተምሮ ሲኦሲውን (የሙያ ብቃት ምዘናውን) ካለፈ፣ ፈቃዱ አጠራጣሪ በሆነ ተቋም ዲግሪ ከጀመረው ጓደኛው ቀድሞ እንጀራውን ሊይዝ ይችላል። ይህን የምንለው ለማጽናናት አይደለም፤ ከተማችን ውስጥ ጥሩ ኤሌክትሪሻን ለማግኘት ስንት ቀን እንደሚጠበቅ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

ከተማው ውስጥ ምን ምን አለ?

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ባለሙያ ለማፍራት በተከፈተው ኮሌጅ ላይ ያደገ ነው፤ ዛሬም የጤናው ዘርፍ ጎልቶ የሚታወቅበት ነው። ነዋሪው ሆስፒታሉን ከነግቢው "ኮሌጅ" እያለ የሚጠራውም ለዚህ ነው። ማራኪ ግቢ የማኅበራዊ ሳይንስ፣ የቢዝነስና የሕግ ትምህርቶች ያሉበት ነው፤ ቴዎድሮስና ፋሲል የሚባሉ ግቢዎችም አሉት። የጤና ተማሪዎቹ "ቲቲፒ" በሚባለው ሥልጠና ከልዩ ልዩ ሙያ በቡድን ተሰባስበው ወደ ወረዳ ይወጣሉ፤ ማኅበረሰቡ መሃል እየኖሩ ይሠራሉ። ጤና የምትመርጡ ከሆነ ይህን ቀድማችሁ እወቁት፤ ትልቅ ትምህርት ነው፣ ለገጠር ኑሮም ዝግጁነት ይጠይቃል።

ከዚህ ሌላ መምህራን ትምህርት ኮሌጁ፣ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁ፣ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ከአዘዞ አልፎ ደግሞ የጠዳ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ አሉ። እነዚህ በየራሳቸው ማስታወቂያ ይመዘግባሉ፤ የምዝገባ ቀናቸውም አጭር ነው። ማስታወቂያውን ግቢው በር ላይ ሄዶ ማንበብ ቴሌግራም ላይ ከመጠበቅ ይሻላል፤ የኮሌጅ ስም የያዘ የውሸት ገጽ በምዝገባ ሰሞን ይበዛል። ገንዘብ በግለሰብ ቁጥር ላኩ የሚል መልእክት ከመጣ ሐሰተኛ ነው ብላችሁ ተነሱ።

የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ስትሞሉ

ምርጫ የሚሞላው በሚኒስቴሩ ድረ ገጽ ነው። ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ልጅ የሚጎዳው ግን እዚህ ነው።

1. ኮምፒውተሩ ፊት ከመቀመጣችሁ በፊት ዝርዝሩን በወረቀት ጻፉ፤ ከቤተሰብ ጋር ተነጋገሩበት። ኢንተርኔት ቤት ወረፋ ላይ ቆሞ የሚወሰን ነገር አይደለም።
2. የመፈተኛ ቁጥራችሁንና የይለፍ ቃላችሁን ለኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ትታችሁ አትሂዱ። "ነገ ኔት ሲኖር እሞላልሃለሁ" የሚል ደግ ሰው በራሱ ግምት ሞልቶ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ ደግሞ መቀየር የለም።
3. ሞልታችሁ ስትጨርሱ ገጹን ዝጉ፤ እንደገና ግቡና ቅደም ተከተሉ እንዳለ መቀመጡን አረጋግጡ። ስክሪንሹት አንሱ፣ ወይም አሳትሙት።
4. ለመጨረሻ ቀን አታቆዩት። ኔት ሊቋረጥ ይችላል፤ መብራትም እንደዚያው።

ቅደም ተከተሉን በምን እንለካው ለሚል፦ መጀመሪያ ትምህርቱ፣ ቀጥሎ ከቤት ያለው ርቀትና የመንገዱ ሁኔታ፣ ከዚያ የከተማው ኑሮ። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ወር የሚያስቀር ቦታ ለተማሪው ድካም፣ ለቤተሰብም ጭንቀት ነው። "ስሙ ትልቅ ነው" የሚለው መለኪያ መጨረሻ ላይ ይምጣ። የሚፈልገው የትምህርት ክፍል ከነአካቴው የሌለበትን ስሙ የገነነ ዩኒቨርሲቲ የሚመርጥ ተማሪ በየዓመቱ አለ፤ የምትፈልጉት ትምህርት እዚያ መሰጠቱን ቀድማችሁ ፈትሹ።

የግል ኮሌጅ ከሆነ፦ ነገርን ከሥሩ

"ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" ይባላል። የኮሌጅ ሥሩ የእውቅና ፈቃዱ ነው፤ ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

የዲግሪ ፈቃድ የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ቴክኒክና ሙያን የሚፈቅደው ግን የክልሉ ቢሮ ነው። ኮሌጁ በጥቅሉ "እውቅና አለን" ቢል በቂ አይደለም፤ ፈቃድ ለኮሌጁ ስም አይሰጥም። ለአንድ የትምህርት ክፍል፣ በአንድ ካምፓስ፣ በአንድ ዓይነት አሰጣጥ፣ ለተወሰነ ጊዜ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ወረቀቱን አውጡልን በሉና አምስት ነገር በጣታችሁ እየነካችሁ አንብቡ፦

የትምህርት ክፍሉ ስም። "አካውንቲንግ" ብለው መዝግበው ፈቃዱ "ማርኬቲንግ" ከሆነ ተነሡ። ቃል በቃል መግጠም አለበት።

እርከኑ። የመጀመሪያ ዲግሪ ነው ወይስ ደረጃ? ደረጃ አራት ፈቃድ ይዞ ዲግሪ ማስመዝገብ አይቻልም።

ካምፓሱ። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ነው። ዋና ግቢው አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር የሆነ ኮሌጅ የዚያን ፈቃድ ያሳያል። ወረቀቱ ላይ "ጎንደር" የሚል ካልተጻፈ ጎንደር ለሚማረው ልጅ አይሠራም።

አሰጣጡ። መደበኛ፣ የማታና የርቀት ለየብቻ ናቸው።

ቀኑ። ፈቃድ ጊዜ ያልፍበታል። እናንተ በምትገቡበት ዓመት መጽናቱን እዩ። ባለሥልጣኑ በቅርብ ዓመታት የግል ተቋማትን እንደ አዲስ ሲመዘግብ ያልቀጠሉ አሉና የቆየ ወረቀት መተማመኛ አይሆንም።

"በሂደት ላይ ነው" የሚል መልስ ካገኛችሁ እስኪያልቅ ጠብቁ። በሂደት ላይ ባለ ፈቃድ የተመዘገበ ተማሪ ፈቃዱ ቢከለከል ዓመቱም ገንዘቡም ይቀልጣል። ወረቀቱን ፎቶ አንሱና ከባለሥልጣኑ ይፋዊ ዝርዝር ጋር አስተያዩ። ፎቶ አይነሣም የሚል ሬጅስትራር ካጋጠማችሁ ያ ራሱ መልስ ነው።

ቀጥሎ የመውጫ ፈተናው ይጠየቅ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚያጠናቅቅ ሁሉ የመንግሥትም ይሁን የግል የመውጫ ፈተና ወስዶ 50 በመቶ ማምጣት አለበት፤ ካላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በተሰጠው የመጀመሪያ ፈተና ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ገደማ ሲያልፉ ከግሎቹ ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ነበሩ። ይህ ቁጥር ሁሉንም የግል ኮሌጅ አይኮንንም፤ መጠየቅ ግን ግዴታ ያደርገዋል። አጠያየቁም እንዲህ ነው፦ "በዚህ ትምህርት ክፍል፣ በዚህ ካምፓስ፣ ባለፈው ዙር ስንት ተፈተነ፣ ስንት አለፈ?" ሁለቱንም ቁጥር ተቀበሉ። "መቶ በመቶ አሳልፈናል" ሲባል የተፈተኑት ሦስት ሊሆኑ ይችላሉ። የሌላ ካምፓስ ወይም የሌላ ትምህርት ክፍል ውጤት ቢነግሯችሁም የናንተን እስኪነግሯችሁ ድረስ ደጋግማችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛ ግቢውን የሥራ ቀን ላይ ሄዳችሁ እዩ፤ ቅዳሜ በጉብኝት ሳይሆን ማክሰኞ ረፋድ ላይ። ኮምፒውተር ክፍሉ ተቆልፎ ነው ወይስ ተማሪ አለበት? ስንቶቹ ይሠራሉ? ነርሲንግ ከሆነ ተማሪዎቹ ልምምድ የሚወጡበት ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ የትኛው ነው? የውል ደብዳቤስ አለ? ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ በር ላይ አግኝታችሁ "ባለፈው ሴሚስተር ስንት መምህር ተቀያየረባችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። ይህች ጥያቄ ከብሮሹሩ ሁሉ ትበልጣለች፤ መምህር በየወሩ በሚቀያየርበት ኮሌጅ ኮርስ በጥድፊያ ያልቃል፣ ተማሪውም ባዶ እጁን ለመውጫ ፈተና ይቀርባል።

ዋጋውን እስከ መጨረሻው አስሉ

ኮሌጆች የሚነግሩት ወርሃዊውን ነው። እናንተ የሙሉውን ጊዜ አስሉ። ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች አሠራሩን ለማሳየት ብቻ የተቀመጡ ናቸው፤ በቦታቸው የነገሯችሁን አስገቡ።

ወርሃዊ ክፍያ 1,800 ብር፣ በዓመት 10 ወር፣ 4 ዓመት፦ 72,000 ብር። ምዝገባ በሴሚስተር 400 ብር፣ 8 ጊዜ፦ 3,200 ብር። ከአዘዞ መሃል ከተማ ደርሶ መልስ ትራንስፖርት በቀን 60 ብር፣ በወር 22 ቀን፣ በዓመት 10 ወር፣ 4 ዓመት፦ 52,800 ብር። ድምሩ 128,000 ብር። ትራንስፖርቱ ብቻውን ወደ ትምህርት ክፍያው እየተጠጋ መሆኑን ተመልከቱ። በወር 200 ብር የሚረክስ ነገር ግን ሁለት ታክሲ የሚያሲዝ ኮሌጅ መጨረሻ ላይ ውድ ሊሆን ይችላል።

የሚደበቁት ደግሞ የላብራቶሪ፣ የመታወቂያ፣ የድጋሚ ፈተና፣ የሲኦሲ ወይም የመውጫ ፈተና እና የምርቃት ክፍያዎች ናቸው። በዓመቱ መሃል ዋጋ ይጨመራል ወይ? ልጁ ቢያቋርጥ ስንት ይመለሳል? መልሱን በጽሑፍ ያዙ። የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ሁሉ በአንድ ፌስታል እስከ ምረቃ አስቀምጡ። ዓመት ሦስት ላይ "ያልተከፈለ አለባችሁ" ሲባል የሚያድናችሁ እሱ ነው።

ለምዝገባ የሚያዝ

ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተለመደው፦ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለው ትራንስክሪፕት፤ ሁሉም ዋናውና ኮፒው። ጉርድ ፎቶ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። ፋይዳ መታወቂያም አውጡ። የ8ኛ ክፍሉ ሰርተፍኬት አብዛኛውን ጊዜ የሚረሳው ነው፤ ከገጠር ወረዳ የመጣ ልጅ ለሱ ብሎ ተመልሶ መሄድ የለበትም። ሦስቱም ወረቀቶች ላይ ስማችሁ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን ዛሬውኑ እዩ። "ኃይለማርያም" እና "ሃይለ ማሪያም" ለሬጅስትራር ሁለት ሰው ናቸው፤ እርማቱም በተማራችሁበት ትምህርት ቤት ሳላችሁ ይቀላል።

ቤት የምትከራዩ ከሆነ ከዋጋው በፊት ውሃውን ጠይቁ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ብዙ ነው፤ ማጠራቀሚያ አለ ወይ? ተከራይስ ስንት ጄሪካን ይደርሰዋል? ማታ ከላይብረሪ ስትመለሱ መንገዱ መብራት አለው ወይ? ለሴት ልጅ ይህ ከምንም በላይ ነው፤ ጥቂት ጨምሮ ግቢው አጠገብ መከራየት ይሻላል።

የመጀመሪያው ዓመት

ሲኒየሮች "ፍሬሽ ቀልድ ነው" ይሏችኋል። አትስሟቸው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ዲፓርትመንት የምትመርጡት ከፍሬሽማን በኋላ ነው፤ ተፈላጊዎቹ ዲፓርትመንቶችም በግሬድ ውድድር ይያዛሉ። የነጥብ አሠራሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። አምስት ኮርስ፣ እያንዳንዱ 3 ክሬዲት፦

ሳይኮሎጂ ቢ ፕላስ፦ 3.5 ሲባዛ በ3፣ 10.5
እንግሊዝኛ ቢ፦ 3 ሲባዛ በ3፣ 9
ሒሳብ ሲ፦ 2 ሲባዛ በ3፣ 6
ሎጂክ ኤ፦ 4 ሲባዛ በ3፣ 12
ጂኦግራፊ ቢ፦ 3 ሲባዛ በ3፣ 9

ድምሩ 46.5፤ ለ15 ክሬዲት ሲካፈል 3.10። ሒሳቡ ብቻ ሲ መሆኑ ቀርቶ ቢ ቢሆን 49.5 ለ15፣ 3.30 ይሆን ነበር። አንድ ኮርስ 0.20 ነጥብ አነሣ። የምትፈልጉት ዲፓርትመንት ላይ በ3.20 ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ አንዱ ልጅ ይገባል፣ ሌላው ይቀራል። ስለዚህ የሚከብዳችሁን ኮርስ ከመጀመሪያው ሳምንት ያዙ፤ ከሚድ (ከሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና) በኋላ የሚነሣ ልጅ ለማስተካከል የቀረው ነጥብ ትንሽ ነው።

ስንት ሰዓት ይጠና ለሚለው፣ የ3 ክሬዲት ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ በሴሚስተር 135 ሰዓት ሥራ ተብሎ ነው የሚታቀደው። በ16 ሳምንት ስታካፍሉት በሳምንት ከ8 ሰዓት ትንሽ ያልፋል፤ ሦስቱ ክፍል ውስጥ ነው፣ አምስቱ በራስ። አምስት ኮርስ ያለው ተማሪ በሳምንት 25 ሰዓት ገደማ ከክፍል ውጭ መሥራት አለበት ማለት ነው። ማታ ማታ ሁለት ሁለት ሰዓት ብቻ የሚቀመጥ ልጅ 14 ሰዓት ነው ያለው። ፈተና ሲደርስ ሌሊቱን ሙሉ መቸከል የሚመጣው ከዚህ ጉድለት ነው፤ በአንድ ሌሊት የገባው ደግሞ ከፈተናው ጋር ይወጣል፣ የመውጫ ፈተናው ሲመጣ የለም።

ሃንድአውት ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ። የኮርሱን አውትላይን መጀመሪያው ሳምንት ላይ ተቀብላችሁ የተጠቀሰውን መጽሐፍ ከላይብረሪ አውጡ። ኔት ባለ ጊዜ የሚያስፈልጋችሁን ፋይል ስልካችሁ ላይ ጫኑ፤ በተቋረጠ ጊዜ ጓደኛችሁ እናንተ ዘንድ ይመጣል።

ግሬድ ሲለጠፍ ስህተት ካያችሁ ወዲያው ለዲፓርትመንቱ በጽሑፍ አመልክቱ፤ የተወሰነ ቀን አለው። ሕመም ወይም የቤተሰብ ችግር ቢያጋጥምና ማቋረጥ ግድ ቢሆን፣ ዝም ብሎ ወደ አገር ቤት መሄድ ትልቁ ስህተት ነው። የዊዝድሮዋል ፎርም ሞልታችሁ፣ አስፈርማችሁ፣ ኮፒውን ይዛችሁ ውጡ። ፎርም የሞላ ተማሪ ተመልሶ ይገባል፤ ያልሞላው በየኮርሱ ኤፍ እየተመዘገበበት ዓመት በኋላ ሲመጣ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል።

መካከለኛዎቹ ዓመታትና መውጫው

የተግባር ልምምድ ላይ ደብዳቤ አስገብቶ ማስፈረም ብቻ የሚፈልጉ አሉ። ልምምዱ ከምረቃ በኋላ የሚያውቃችሁ ሰው የምታገኙበት ብቸኛው ጊዜ ሊሆን ይችላልና በየቀኑ የሠራችሁትን በደብተር ጻፉ፤ ለኃላፊው በየሳምንቱ አሳዩት። ቴክኒክና ሙያ ላይ ላሉት ደግሞ ሲኦሲ የተግባር ምዘና ስለሆነ፣ በእጃችሁ ያልፈታችሁትንና ያልገጠማችሁትን ወረቀት ላይ በማንበብ አታልፉትም።

የመውጫ ፈተናው በኮምፒውተር ነው፤ ጥያቄዎቹ ምርጫ ናቸው፤ የሚወጣባቸው ኮርሶች ዝርዝር በየትምህርት ክፍሉ የተዘጋጀ ነው። ያን ዝርዝር ሁለተኛ ዓመት ላይ ተቀበሉ፤ አራተኛ ዓመት ላይ አይደለም። እያንዳንዱ ኮርስ ሲያልቅ ሁለት ገጽ ማጠቃለያ በራሳችሁ እጅ ጽፋችሁ አስቀምጡ። በመጨረሻው ዓመት ሁለት ሦስት ሆናችሁ በሳምንት አንድ ኮርስ እያነሣችሁ ብትጠያየቁ ጊዜ ይበቃችኋል። የሙከራ ፈተና ከተሰጠ አትቅሩ፤ ማውዝ መያዝ ያልለመደ ልጅ እያወቀ ሰዓት ያልቅበታል።

መጨረሻ ላይ ክሊራንስ፣ ማለትም የተዋሳችሁትን መልሳችሁ ከየክፍሉ ማስፈረም፣ አለ። ከላይብረሪ ያልተመለሰ አንድ መጽሐፍ፣ ከዶርም የጠፋ አንድ ቁልፍ ሙሉ ቀን ያመላልሳልና ከምርቃቱ ሁለት ሳምንት በፊት ጀምሩ። በመንግሥት ተቋም የተማራችሁ በየዓመቱ የፈረማችሁትን የወጪ መጋራት ውል ኮፒ ያዙ፤ ድምሩን ከሬጅስትራሩ መዝገብ ጋር አመሳክሩ። ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) እና ስቱደንት ኮፒ (የውጤት ዝርዝር) ስትቀበሉ ከመስኮቱ ሳትርቁ ስማችሁን፣ የአባትና የአያት ስም፣ የትምህርት ክፍሉን ስምና ነጥቡን አንብቡ። ከዚያ አምስት ኮፒ አስነሡ፣ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ አንዱን ለእናታችሁ ስጡ።